የኤንሮን ኢሜይሎች ስንት ናቸው?

ጥያቄው ሲሰሙት የቆጠራ እንጂ የክርክር አይመስልም። መቀመጫውን ሂውስተን፣ ቴክሳስ ያደረገው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2001 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። የአሜሪካ ፌዴራል የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በምዕራባዊው የአገሪቱ ክፍል የኤሌክትሪክና የጋዝ ገበያው እንዴት እንደተጭበረበረ ሲመረምር የኩባንያውን ሠራተኞች የኢሜይል ሳጥን ሰበሰበ፤ በማርች 2003ም ለሕዝብ ይፋ አደረገው። ያኔ የተነገረው ቁጥር 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዓመቱ ብራያን ክሊምትና ይሚንግ ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እጃቸው የገባውን ጥሬ ክምችት ቆጥረው 619,446 አሉ፤ ካጸዱት በኋላ 200,399 ቀራቸው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ2004 ለተመራማሪዎች ያቀረበው ቅጂ 517,431 መልእክት ነበረው። ጂቴሽ ሼቲና ጃፋር አዲቢ ደግሞ ከዚሁ ቅጂ ተነሥተው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዳታቤዝ ሲሠሩ 252,759 ላይ ቆሙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ከአንድ ጎተራ የተቀዳ እህል አምስት ዓይነት ስፍር ወጣው።

ከቆጣሪዎቹ ግን የዋሸ የለም። ክሊምትና ያንግ ሠራተኛው ራሱ ሳይሆን ሶፍትዌሩ በራሱ ጊዜ የሞላቸውን፣ “ሁሉም ሰነዶች” ወይም “የውይይት ሰንሰለቶች” ዓይነት ስም የያዙ ፎልደሮችን አውጥተው ጣሉ። በእነዚያ ፎልደሮች ውስጥ ያለው አብዛኛው መልእክት ሌላ ቦታም በድጋሚ ስለሚገኝ ውሳኔው ያስኬዳል። ሼቲና አዲቢ በበኩላቸው ድግግሞሹን፣ ባዶውንና አድራሻው ጠፍቶ ሲስተሙ የመለሰውን አወጡ። ይህም ያስኬዳል። የሁለቱ ልዩነት ግን ከ52 ሺህ መልእክት በላይ ነው። ቁጥሩን የወሰነው እንግዲህ ኤንሮን ሳይሆን አጽጂው ነው ማለት ነው፤ የማንኛውም ከኢሜይል የተቀዳ የሥራ ሪፖርት ጣጣም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ የደንበኛ ቅሬታ፣ የግዥ ትዕዛዝ ወይም የክፍያ ማረጋገጫ በኢሜይል የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህንኑ ጉዳይ በትንሹ ይጋፈጠዋል። አሠራሩ የታወቀ ነው። አንድ አጭር ፕሮግራም በየጥቂት ደቂቃው የመልእክት ሳጥኑን ከፍቶ ያነባል፤ ላኪውን፣ ቀኑን፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን ለይቶ ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍራል፤ የተነበበውን መልእክት ወደ “ያለቀለት” ፎልደር ይወረውራል። ሰኞ ጠዋት እንደ ፓወር ቢአይ ወይም ታብሎ ያለ የሪፖርት መሣሪያ ከሰንጠረዡ ላይ ባለቀለም ግራፍ ይሥላል፤ ሥራ አስኪያጁም ቅሬታ በአሥራ ሁለት በመቶ ቀነሰ ብሎ ደስ ይለዋል። ቅሬታው ቀንሶ ይሁን ወይስ ፕሮግራሙ ባለፈው ሳምንት ምላሽ የተሰጣቸውን መልእክቶች መቁጠር አቁሞ፣ ከግራፉ ላይ አይነበብም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሪፖርቱን በቀጥታ ከሕያው የመልእክት ሳጥን ጋር ማገናኘት ነው። ምቹ ስለሆነ ብዙዎች ያደርጉታል። ነገር ግን የመልእክት ሳጥን የሚሠሩበት ጠረጴዛ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። አንዷ ሠራተኛ እረፍት ከመውጣቷ በፊት ሳጥኗን ብታስተካክል፣ ሦስት መቶ መልእክት ከፎልደር ወደ ፎልደር ብታዛውር፣ የተፈረመበትና ለቦርድ የቀረበው ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት በማግሥቱ ሲከፈት ሌላ ቁጥር ያሳያል። ማህደር ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ትናንት የተባለው ነገር ነገም ያው ሆኖ እንዲገኝ።

የኤንሮን ክምችት ለትምህርት የሚመቸው ስሕተቱ ሁሉ በአደባባይ ስለሚታይ ነው። የኤም.አይ.ቲ.ዋ ሌስሊ ኬልብሊንግ ክምችቱን ከገዛች በኋላ ይዘቱ ብዙ ቦታ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ፤ በኤስ.አር.አይ. የምርምር ተቋም ሜሊንዳ ጀርቫዚዮና ባልደረቦቿ ለማስተካከል ብዙ ደከሙ፤ ዊልያም ኮኸን በካርኔጊ ሜለን ለሁሉም ክፍት አደረገው። የዚያ ጥገና አሻራ አሁንም እያንዳንዱ መልእክት ላይ አለ።

አንዱን እንይ። በካርኔጊ ሜለኑ ስብስብ በፊደል ተራ ቀዳሚ የሆነውን ሠራተኛ ፎልደር ከፍቶ ከተላኩት መካከል የመጀመሪያውን ያነሣ ሰው አንድ እጅግ አጭር መልእክት ያገኛል። ቀኑ ሰኞ፣ ሜይ 14 ቀን 2001 ይላል። ሰዓቱ 16:39 ነው፤ በጎኑ ከግሪኒች 7 ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑ ተጽፏል። አካሉ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነው፤ ትንበያችን ይኸው የሚል። ሌላ የለውም።

ከዚህች ብጣሽ መልእክት ውስጥ ሦስት ነገር ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። ከግሪኒች 7 ሰዓት ወደ ኋላ ማለት በበጋ የካሊፎርኒያ ሰዓት ነው፤ የኤንሮን ዋና መሥሪያ ቤት ግን ያለው 5 ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ በሆነችው ሂውስተን ነው። ስብስቡ ውስጥ ያሉት መልእክቶች በጅምላ በዚሁ የምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ተመዝግበዋል። ይህን ሳያስተውል “የኤንሮን ሰዎች እስከ ስንት ሰዓት ያመሹ ነበር?” የሚል ግራፍ የሚሠራ ሰው ቴክሳስ የተቀመጠውን ሠራተኛ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ የተላከውንም ወደ ሰኞ ማታ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። ማንኛውም ኢሜይል በዓለም ላይ አንድና ብቸኛ መሆን ያለበት መለያ ይይዛል፤ ድግግሞሽን ለማውጣት የሚነሣ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ነው። በዚህ መልእክት መለያ መካከል 1075855378110 የሚል ቁጥር አለ። ኮምፒዩተሮች ከ1970 መግቢያ ጀምሮ ጊዜን በሺኛ ሰከንድ የሚቆጥሩበት ልማድ አለና ቁጥሩ በዚያ ሲፈታ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2004 ይሆናል። መልእክቱ ከተላከ ወደ ሦስት ዓመት ሊጠጋው ሲል፣ ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ማለት ነው። መለያው የላኪው ሰርቨር የሰጠው ሳይሆን ጥገናውን የሠራው ፕሮግራም ኋላ የለጠፈው ነው። ስለዚህ አንዱ መልእክት አራት ፎልደር ውስጥ ቢገኝ አራት የተለያየ መለያ ይዞ ይቀመጣል፤ በመለያ ድግግሞሽ የሚያጸዳ ፕሮግራም ከአራቱ አንዱንም አይነካም። ይህን የነቁበት ተመራማሪዎች ላኪውን፣ ቀኑን፣ ርእሱንና አካሉን አንድ ላይ እያመሳከሩ ለማጽዳት ተገድደዋል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል፦ አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ “እሺ” ብሎ ሁለት ጊዜ ቢጽፍ ሁለት መልእክት ነው ወይስ አንድ?

ሦስተኛው የሌለው ነገር ነው። ትንበያው ይኸው ተብሏል፤ ትንበያው ግን የለም። የካርኔጊ ሜለኑ ቅጂ አባሪ ፋይሎችን አልያዘም።

አባሪ ማስቀረት ቦታ ይቆጥባል፤ ለጽሑፍ ጥናት ለሚፈልገውም ሰው ጉዳት አልነበረውም። ይሁን እንጂ በኤንሮን የሥራ ሪፖርት ማለት በአብዛኛው አባሪው ራሱ ነበር። ፌሊን ሄርማንስና ኤመርሰን መርፊ-ሂል አባሪዎቹን ከያዘ ሌላ ቅጂ ላይ ተነሥተው በ2015 ያቀረቡት ጥናት 15,770 የኤክሴል ፋይሎች አግኝቷል። ሠራተኞቹ በቀን 100 ያህል የኤክሴል ፋይል በኢሜይል ይለዋወጡ ነበር። ቀመር ካላቸው ፋይሎች መካከል 24 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኤክሴል ራሱ ስሕተት ብሎ ያወጀው ሕዋስ ነበራቸው። በ2000 ገቢዬ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ያለ ኩባንያ ውስጥ ውሳኔ በምን ላይ ሲወሰን እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ሁሉ ግን አባሪን “ትርፍ ነገር” ብሎ በጣለው ቅጂ ላይ ለሚሠራ ሰው አይታይም ነበር። የመጀመሪያው አጽጂ የማያስፈልግ ያለውን አሥር ዓመት ቆይቶ የሚመጣ ሌላ ሰው ዋናው ነገር ሊለው ይችላል፤ ስለዚህም ነው ጥሬውን ሳይነኩ ለብቻው ማስቀመጥ የቅንጦት ያልሆነው። የማከማቻ ዋጋ ሲወራ የሚሰማው ምሬት ብዙውን ጊዜ ከዚህ አንጻር አልተመዘነም።

ቀኖቹ ላይ ገና አላበቃንም። በክምችቱ ውስጥ ዲሴምበር 31 ቀን 1979፣ 16:00 ሰዓት ላይ የተላኩ የሚመስሉ በርካታ መልእክቶች አሉ። ኤንሮን የተመሠረተው በ1985 ነው። የምዕራብ ዳርቻው ሰዓት ወደ ግሪኒች ሲቀየር ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ ያ ዕለት ደግሞ የድሮው ዶስ ሲስተም የቀን አቆጣጠር የሚነሣበት ነው። ቀኑ የጠፋበት መልእክት ባዶ ሆኖ በመቅረት ፈንታ ዜሮውን ቀን ለብሶ መቅረቱን መገመት አይከብድም። በሌላው ጫፍ በ2044 የተላኩም ይገኛሉ። እነዚህን እንዳሉ ለሪፖርት መሣሪያ ያቀበለ ሰው ከ1979 እስከ 2044 የተዘረጋ ግራፍ ይወጣለታል፤ እውነተኛዎቹ ሦስት አራት ዓመታት መሐል ላይ እንደ ምሰሶ ቆመው ሌላው ሜዳ ይሆናል። ቢያጠፋቸው ደግሞ ድምሩ ይለወጣል። ይሻላል የሚባለው ብዙ ሰው የሚሰንፍበት ነው፦ ቀኑን ባዶ አድርጎ፣ “ቀን ያልታወቀ” የሚል ምልክት በአጠገቡ አስቀምጦ፣ በድምሩ ውስጥ መተው።

አድራሻቸው የተበላሸ መልእክቶችም እንዲሁ ተጠግነዋል። ተቀባይ ያልተጻፈበት መልእክት ሲገኝ አጽጂዎቹ “አድራሻ የለውም” የሚል ትርጉም ያለው ሐሰተኛ የኤንሮን አድራሻ ሰጡት። ለንባብ ቅር አያሰኝም። ማን ከማን ጋር ይጻጻፍ እንደነበር የሚያሳይ የግንኙነት ካርታ ለሚሥል ሰው ግን ያ አድራሻ አንድ ሠራተኛ ነው፤ ከሁሉም ክፍል ደብዳቤ የሚደርሰው፣ ለማንም የማይመልስ። አጽጂዎቹ ያደረጉትን በግልጽ ጽፈው ማስቀመጣቸው ነው ሰውን ያዳነው። በግል ድርጅቶች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ የሚጽፍ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ ሥራ ሲቀይር ውሳኔዎቹም አብረውት ይሄዳሉ።

ሼቲና አዲቢ ዳታቤዛቸውን በአራት ሰንጠረዥ ከፈሉት፦ ሠራተኞች፣ መልእክቶች፣ ተቀባዮች፣ እና በመልስ ውስጥ ተጠቅሶ የመጣው የቀደመ ጽሑፍ። አከፋፈሉ ጥሩ ነው፤ ወጥመዱም እዚያው አለ። አንድ መልእክት ለስምንት ሰው ቢላክ በመልእክቶች ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ፣ በተቀባዮች ሰንጠረዥ ስምንት ረድፍ ይይዛል። ሁለቱን አያይዞ ረድፍ የሚቆጥር ሪፖርት ስምንት መልእክት ተላከ ይላል። የነርሱ የመልእክት ሰንጠረዥ 252,759 ረድፍ ሲኖረው የተቀባዮቹ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ለዚያውም ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት። ለመላው ሠራተኛ ማስታወቂያ የሚልከው የሰው ኃይል ክፍል በእንዲህ ዓይነቱ ሪፖርት የኩባንያው ታታሪ ክፍል ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ላይ የናሙናው ነገር አለ። ክምችቱ የ158 ያህል ሰዎች ሳጥን ነው። ኤንሮን ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ እነርሱም በዘፈቀደ የተመረጡ ሳይሆኑ መርማሪዎቹ የፈለጓቸው ናቸው። “ኤንሮን ውስጥ እንዲህ ይባል ነበር” የሚሉ ድምዳሜዎች ሲነበቡ ይህ ሊታወስ ይገባል።

እስካሁን ያየነው ሳይታወቅ የሚሆነውን ነው። ታውቆ የሚሆነውም አለ። የኤንሮን የሒሳብ መርማሪ ከነበረው ከአርተር አንደርሰን ድርጅት ጠበቆች አንዷ በኦክቶበር 2001 የሰነድ አያያዝ መመሪያውን የሚያስታውስ ኢሜይል ከላከች በኋላ በድርጅቱ የሂውስተን ቢሮ ወረቀት በገፍ ተቦጨቀ፤ የኮምፒዩተር ፋይሎችና ኢሜይሎችም ተሰረዙ። መመሪያው የሚለው ማስቀመጥ የማያስፈልገውን አስወግዱ ነበር። በጁን 2002 የፌዴራል ፍርድ ቤት ድርጅቱን ጥፋተኛ አለው። ሜይ 31 ቀን 2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለዳኞቹ ሸንጎ የተሰጠው የሕግ ማብራሪያ የተሳሳተ ነበር ብሎ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ከዓለም አምስት ታላላቅ የሒሳብ ድርጅቶች አንዱ የነበረው አንደርሰን ከሥራው ከወጣ ቆይቶ ነበር።

በዚያው በ2002 መጨረሻ የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን አምስት የዎል ስትሪት ድርጅቶችን፣ ጎልድማን ሳክስንና ሞርጋን ስታንሊን ጨምሮ፣ ኢሜይል ባለማስቀመጣቸው በድምሩ 8.25 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ደንቡ የደላሎች የሥራ ደብዳቤ ለ3 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ ይላል። ከ1997 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስቀመጥ ሲፈቀድም ቅድመ ሁኔታው ከባድ ነበር፦ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ሊሰረዝም ሊደለዝም በማይችል ማከማቻ ላይ። ኮሚሽኑ ይህን ግትር አቋም ያላላው በ2022 ነው። አሁን ድርጅቱ ከፈለገ መዝገቡ እንዲሻሻል መፍቀድ ይችላል፤ ነገር ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠና እንደሰረዘ ሲስተሙ መዝግቦ መያዝ፣ ከዚያም መዝገብ ዋናውን መልሶ ማቆም የሚቻል መሆን አለበት።

ይህ ማሻሻያ የባንክ ጠበቆች ጉዳይ ብቻ መስሎ ያልፋል እንጂ ለተራው ሪፖርት አዘጋጅም የሚበጅ ሐሳብ ነው። ከኢሜይል የወጣ ሰንጠረዥ መቼም አይነካ ማለት አይቻልም፤ የተበላሸ ቀን ይታረማል፣ ሁለት ሆኖ የተመዘገበ ደንበኛ አንድ ይደረጋል። የሚፈለገው እርማቱ አሻራውን ጥሎ እንዲያልፍ ነው። በተግባር ሲታይ ከሦስት አራት ዓምድ አይበልጥም፦ ረድፉ ከየትኛው ጥሬ ፋይል መጣ፣ በየትኛው የፕሮግራሙ እትም ተነበበ፣ መቼ ተነበበ፣ ከሪፖርት እንዲወጣ ከተደረገስ በምን ምክንያት። ረድፉን ከመሰረዝ “አይቆጠር” የሚል ምልክት ማድረግ። እነዚህ ዓምዶች ቢኖሩ ኖሮ በ517,431 እና በ252,759 መካከል ያለውን እያንዳንዱን መልእክት ለምን እንደወጣ ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ይናገር ነበር።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ጉዳዩ የራሱ ቀለም አለው። የበጀት ዓመታችን የሚገባው ሐምሌ 1 ነው። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሰዓታቸውን በግሪኒች ይመዘግባሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ሐምሌ 1 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በድርጅቱ ሳጥን የገባ ትዕዛዝ በግሪኒች አቆጣጠር ገና ሰኔ 30 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ሪፖርቱ ሰዓቱን ሳያስተካክል ቀኑን ብቻ ከቆረጠ ትዕዛዙ በአምናው ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በሌሊት የሚገባው ኢሜይል ጥቂት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ማሽኖች በራሳቸው ጊዜ የሚልኩት የባንክና የክፍያ ማሳወቂያ ግን ሌሊት አይተኛም።

ፊደላችንም ሥራ ይጨምራል። የኢሜይል አርእስት በጥንቱ ሥርዓት የላቲን ምልክት ብቻ ስለሚቀበል የአማርኛ ርእስ መንገድ ላይ ቤዝ64 በሚባለው አጻጻፍ ተለውጦ ይጓዛል። አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 የላቲን ምልክት ይሆናል። የተቀባዩ የኢሜይል ፕሮግራም መልሶ ስለሚፈታው አንባቢው አያየውም። በቸኮለ እጅ የተጻፈ ፕሮግራም ግን ሳይፈታ ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍረዋል፤ “የክፍያ መዘግየት ቅሬታ” የሚለው ርእስ ትርጉም የለሽ የላቲን ጥርቅም ሆኖ ይቀመጣል፤ “ቅሬታ” ብሎ የሚያጣራ ሪፖርትም አንድም ቅሬታ አላገኘሁም ይላል። ተፈትቶ ቢገባ እንኳ “ዓመታዊ” እና “አመታዊ”፣ “ጸሐፊ” እና “ፀሀፊ” ለኮምፒዩተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው የተጻፈውን እንዳለ በአንድ ዓምድ ማቆየት፣ ለፍለጋ ብቻ ደግሞ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበትን ቅጂ በሌላ ዓምድ መያዝ ነው። የደንበኛን ፊደል ማረም የሪፖርት አዘጋጅ ሥራ አይደለም። ከ1999 በፊት፣ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ ከመግባቱ አስቀድሞ የተጻፉ የአማርኛ መልእክቶች ያሉት ሰው ደግሞ መልእክቱን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን የፊደል ፕሮግራምም ማስቀመጥ ነበረበት፤ አለዚያ የያዘው ጥሬ ፋይል ለማንም አይነበብም።

ስም ሌላው ነው። የውጭ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም የሚሉትን ሳጥን አንዱ ቢሮ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ይሞላዋል። ጸጋዬን በላቲን የሚጽፉበት መንገድም ከአንድ በላይ ነው። በስም ላይ የተመሠረተ የሠራተኞች ሪፖርት አንዱን ሰው ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ይህ እንኳ የኛ ብቻ አይደለም፤ የኤንሮኑ ሊቀ መንበር ኬኔት ሌይም በኩባንያው ኢሜይሎች ውስጥ ከአንድ በላይ አድራሻ ነበረው።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ የሰው ገመና። የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ የኤንሮንን ሳጥኖች ይፋ ሲያደርግ ከጋዝ ዋጋው ጋር የሠራተኛው የባንክ ቁጥር፣ የሕክምና ጉዳይ፣ የትዳር ጠብም አብሮ ወጣ። ኑክስ የተባለው የመረጃ ምርመራ ኩባንያ በ2013 አባሪ የያዘውን ቅጂ ሲያጣራ የግል መረጃ ያለባቸው ከ10 ሺህ በላይ መልእክቶችና ፋይሎች አግኝቶ አወጣ። ከይፋው 10 ዓመት በኋላ ነው። ካርኔጊ ሜለንም በባለቤቶቹ ጥያቄ አንዳንድ መልእክቶችን እያወጣ ቅጂውን አድሷል፤ በሜይ 2015 ያወጣው እትም 517,401 መልእክት አለው፣ ከ2004ቱ በ30 ያነሰ።

ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን (ይህ 2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አውጥታለች፤ የመረጃው ባለቤት ስለርሱ የተያዘው እንዲታረም ወይም እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብትም ከነዚህ ጉዳዮች ጋር የተያያዘ ነው። ጥያቄው ሲመጣ ከመልእክት ሳጥኑ ማጥፋት ቀላሉ ክፍል ነው። መልእክቱ ተነብቦ ወደ ሰንጠረዥ ገብቷል፤ ከሰንጠረዡ ወደ ሪፖርቱ ሞዴል ተቀድቷል፤ ከሪፖርቱ አንድ ባለሙያ ወደ ኤክሴል አውርዶታል፤ ኤክሴሉን ደግሞ ለአለቃው በኢሜይል ልኮታል። የሼቲና አዲቢ ዳታቤዝ የተሠራው ከ2004ቱ ቅጂ ነው፤ እስከ 2015 የወጡት 30 መልእክቶች እዚያ ውስጥ፣ በመላው ዓለም በወረዱት ኮፒዎች ሁሉ ውስጥም፣ አሁንም ሊገኙ ይችላሉ።